የጠርሙሱ ማዳበሪያ ጆንያውን አይተካም

ፖታሲየም የበዛበት፣ ቅጠል ላይ የሚረጭ ፈሳሽ ማዳበሪያ ለጎንደር ነጋዴ ጥሩ ሸቀጥ ሊሆን ይችላል። ዳባትና ደባርቅ ድንችና ነጭ ሽንኩርት አምራች ናቸው፤ ድንች ደግሞ ፖታሲየም በላተኛ ነው። የአገራችን አፈር በፖታሲየም የበለጸገ ነው በሚል እምነት ለብዙ ዓመታት ከውጭ የሚገባው ማዳበሪያ ዳፕና ዩሪያ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የተሠራው የአፈር ለምነት ካርታ ግን በብዙ ወረዳዎች የፖታሲየም እጥረት መኖሩን አሳይቷል።

ይሁን እንጂ ሒሳቡን እንሥራ። ከአንድ ሄክታር 200 ኩንታል ድንች ሲለቀም 100 ኪሎ ግራም ያህል ፖታሽ አብሮ ከማሳው ይወጣል። አንድ ሊትር ፈሳሽ 300 ግራም ፖታሽ ቢይዝ፣ 10 ሊትር ተረጭቶ የሚመልሰው 3 ኪሎ ብቻ ነው። ርጭቱ ድንቹ አፈር ውስጥ በሚወፍርበት ወቅት ያግዛል እንጂ ፍግንና የአፈር ማዳበሪያን አይተካም። በቀትር ፀሐይ ወይም ከመጠን በላይ ከተረጨም ቅጠሉን ያቃጥላል።

ስለዚህ አስመጪው የፖታሹን መጠንና አረጫጨቱን በአማርኛ ጽፎ ይለጥፍ፤ ቸርቻሪውም «ከእንግዲህ ጆንያ መግዛት ቀረ» እያለ አይሽጥ። ገበሬ አንድ ጊዜ ቢታለል በሁለተኛው ክረምት ከመደብሩ ደጅ አይደርስም።