«እርስዎ አረፍ ይበሉ»

አረጋውያን ለምን አይንቀሳቀሱም ሲባል ቀድሞ የሚጠራው በሽታ ነው፤ ጉልበት፣ ወገብ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር። ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ ማየት የፈለገ አዲስ አበባ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይምጣና የጀሞን ወይም የጎፋ መብራት ኃይልን ኮንዶሚኒየም ደረጃ ይውጣ።

አብዛኞቹ ሕንፃዎች አራት ፎቅ ናቸው፤ ሊፍት የላቸውም። ዕጣው አራተኛ ፎቅ ያወጣቸው እናት የደረጃውን ብረት ይዘው ትንፋሽ ሲሰበስቡ የጎረቤት ልጅ ዘንቢላቸውን ነጥቆ ሽቅብ ይሮጣል። ይመረቃል። በማግስቱ ደግሞ ልጃቸው «ምን ያደክምዎታል እማዬ፣ እኔ አመጣዋለሁ» ትላለች። እሳቸውም ይቀመጣሉ።

አክብሮታችን እግር ያስራል ስል የሚቀየመኝ አይጠፋም። ግን እንዲህ ነው፦ በ60 ዓመት ጡረታ ይመጣና መሥሪያ ቤቱ ይቀራል። ዳቦውን ልጅ፣ ገበያውን የቤት ሠራተኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ ባጃጅ ይረከባል። የሚቀረው ሶፋና ቴሌቪዥን ነው። ከዚያ «አባዬ እግሩን ደከመው» እንላለን።

የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመት ለሞላቸው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ከመውደቅ የሚጠብቅ የሚዛንና የጡንቻ ልምምድም በሳምንት ሦስት ቀን። ይህ «ስፖርት» ተብሎ ሲቀርብላቸው ያፍራሉ። በነጠላ ማን ሱምሶማ ይሮጣል! የሁዳዴ ስግደት ግን አያሳፍርም፤ መንበርከክና መነሣት ነው። በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግዱት ሙስሊም አባትም ወገባቸው ሥራ አይፈታም። በእግራቸው ሐና ማርያም ኪዳን የሚያደርሱ እናት ደቂቃ አይቆጥሩም። እድርም፣ ለቅሶም፣ ማኅበርም እንዲሁ ነው፤ መድረሻ ያለው ሰው ይወጣል።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ መንገዱን ከመኪና ነፃ አድርጎ ለእግረኛ የሚለቀው «መንገድ ለሰው» ጥሩ ነበር፤ ሜዳውን የያዘው ግን ወጣት ነው። ሰሞኑን የተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድም ደስ ይላል። ችግሩ ከብሎኩ በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ያለው ነው፤ የላላ ኮብልስቶን፣ ክዳን የሌለው ቦይ፣ በክረምት ጭቃ። አንድ ጊዜ የወደቀ ሽማግሌ ሁለተኛ ለመውጣት ይፈራል፤ ቤተሰቡ ደግሞ ከእሱ ብሶ ይፈራል።

የወረዳ ሹሞች፣ ቦዩን ክደኑ፤ በየብሎኩ ደጅ አግዳሚ ወንበር አድርጉ። ልጆችም፣ ነገ ጠዋት የዳቦውን ፌስታል ለእናታችሁ መልሱላቸው፤ ከሰጋችሁ አብራችሁ ውረዱ።