«ምን ማለት ነው?» ከማለት በፊት

በሳይንስ ትምህርት ያለፍን ሁሉ «ለምን?» የምትለው ጥያቄ ከአፋችን አትጠፋም። ጥያቄዋ እንጀራችን ናትና ልናፍርባት አይገባም። ይሁንና ቤተ ሙከራውን ዘግተን ወደ ሥዕል አዳራሽ ወይም ወደ ሙዚቃ ዝግጅት ስንሄድ፣ ነጭ ጋዋናችንን እናወልቃለን እንጂ ጥያቄዋን አናወልቃትም። በዚህ ጽሑፍ ልንሞግተው የፈለግነው ይህንኑ ልማዳችንን ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የሥዕል ዐውደ ርእይ በኅብረት ጎብኝተን ነበር። ከእያንዳንዱ ሥዕል ፊት የቆምነው በአጠገቡ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት አንብበን እስክንጨርስ ብቻ ነው። ርእሱን ካወቅን «ገባን» ብለን አለፍን፤ ርእስ ከሌለው ደግሞ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብለን ትከሻችንን ነቀነቅን። አንድ ጓደኛችን ግን ቀይና ጥቁር ቀለም ብቻ ከሚታይበት ሸራ ፊት ቆሞ ቀረ። «ምን ታየህ?» ብንለው፣ «እኔ እንጃ፤ ብቻ ደረቴን ከበደኝ» አለን። ሳቅንበት። ማታ ስለ ጉብኝቱ ስንጨዋወት ግን ስለ ሥዕል የሚናገረው ነገር የነበረው እርሱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እኛማ ያየነው ወረቀቶቹን ነበር።

ለዚህ ጉድለት ሳይንስን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ፍትሐዊ አይሆንም፤ ያሳደገን ባህልም የራሱ ድርሻ አለው። በቅኔ ባህላችን ሰሙን ገፍፎ ወርቁን ማውጣት የሊቅነት መለኪያ ነው። ወርቁ ያልተገለጠለት ሰው ቅኔውን ሰማው አይባልም። ይህ የምንኮራበት ታላቅ ጥበብ ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው የኪነ ጥበብን ዘርፍ ሁሉ በቅኔ ሚዛን መመዘን ስንጀምር ነው። ሠዓሊውና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ (እ.ኤ.አ. 1932–1981) በጀርመን አገር ተምሮ ሲመለስ ያቀረባቸው ረቂቅ ሥዕሎች፣ ቅዱሳንንና ነገሥታትን በግልጽ ምስል ማየት ለለመደ ዐይን እንግዳ ነበሩ። ሥራዎቹ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ በተሰየመው ማዕከል ይገኛሉ። ከፊታቸው ቆሞ ወርቁን የሚፈልግ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ቀለሙና ቅርጹ ራሳቸው ወርቅ ናቸውና።

ደግነቱ፣ ያው ባህላችን ሌላም ምስክር አለው። በገናን እንውሰድ። ዐሥር አውታሮች አሉት። አውታሮቹ በሚያርፉበት በርኩማ ላይ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር እንዝራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲመታ ከበርኩማው ጋር እየተነካካ ይርገበገባል፤ ይህም ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ከፍ ያለ ድግግሞሽ ያላቸውን ብዙ ድምፆች ያጎላል። ያ ጥልቅ ነዘርታ የሚመጣው ከዚህ ነው። የፊዚክስ ማብራሪያው ይኸው ነው። ነገር ግን በዐቢይ ጾም ምሽት በገና ሲደረደር ሰምቶ ዝም ያለ ሰው፣ ዝም ያለው ይህን ስላወቀ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የግጥሙን ቃላት እንኳ ለይቶ ሳይጨርስ ነዘርታው አስቀድሞ ደርሶበታል። ግእዝ ሳያውቁ የማሕሌቱን ዜማ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው የሚሰሙና እንባቸው የሚወርድ እናቶቻችንስ «አልገባቸውም» ሊባሉ ነውን?

ሳይንስም በዚህ ነገር ላይ ዝም አላለም። በካናዳ የሞንትሪያል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የሚወዱትን ሙዚቃ ሰምተው ሰውነታቸውን ሲወርራቸው የአንጎላቸውን የደም ፍሰት ለክተው ነበር። የሚነቃቁት ክፍሎች ለምግብና ለመሳሰሉት መሠረታዊ ደስታዎች ምላሽ የሚሰጡት ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2011 በዚያው ከተማ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በዚህን ጊዜ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ እንደሚለቀቅ አሳየ። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት፣ የምዕራባውያንን ሙዚቃ ሰምተው የማያውቁ በሰሜን ካሜሩን የሚኖሩ የማፋ ብሔረሰብ አባላት፣ በዚያ ሙዚቃ ውስጥ ደስታን፣ ኀዘንንና ፍርሃትን በዕድል ሊገኝ ከሚችለው በላይ ለይተው አውቀዋል። ስለ ሙዚቃው አንዳች ትምህርት አልተሰጣቸውም ነበር።

ከዚህ ተነሥተን «ስሜት ለሰው ልጅ ሁሉ አንድ ነው» ብንል ግን እንቸኩላለን። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት እንዳሳየው፣ በቦሊቪያ አማዞን የሚኖሩ የጺማኔ ሕዝቦች እኛ «ተስማሚ» እና «የሚሻክር» የምንላቸውን የድምፅ ጥምረቶች እኩል ደስ የሚሉ አድርገው ይቀበሏቸዋል። ስለዚህ ስሜታችንም በከፊል በልማድ የተገራ ነው። የበገና ነዘርታ ለእኛ ጾምና ጸሎትን የሚያስታውሰን ከእነርሱ ጋር ስላደግን ጭምር ነው። ይህ ግን ክርክራችንን አያፈርሰውም፤ በልማድ የተገራ ስሜትም ከማብራሪያ ቀድሞ የሚደርስ ስሜት ነውና።

«ታዲያ ሁሉም የተሰማውን ብቻ ይዞ ይሂድ? ዕውቀትስ ለምን አስፈለገ?» የሚለን አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሳችንን ከገዛ ቤታችን፣ ከቤተ ሙከራ እናምጣው። መምህሩ የሚጠብቀውን ውጤት አስቀድሞ የሚያውቅ ተማሪ፣ መለኪያው ያሳየውን ትቶ መጽሐፉ ያለውን ቁጥር የሚጽፍበት ጊዜ አለ። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም አድርገነዋል። ማብራሪያው ከምልከታው ቀደመ ማለት ነው። በሥዕል ፊት ወረቀቷን ብቻ አንብቦ የሚያልፍ ሰውም የሠራው ያንኑ ነው፤ መለኪያው የገዛ ሰውነቱ ሲሆን፣ መርፌው መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን እንኳ ሳያይ ውጤቱን ጻፈ። ያ የሳቅንበት ጓደኛችን በዕለቱ ከሁላችንም ይልቅ ሳይንቲስት ነበር። «እኔ እንጃ» ማለቱ አለማወቁን፣ «ከበደኝ» ማለቱ ደግሞ ያነበበውን በትክክል መመዝገቡ ነበር።

በእኛ እምነት ስሜት የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ የመጀመሪያ መረጃ ነው። ዕውቀት ከኋላው ሲመጣ ያጎለምሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የእንዝራን ሥራ ካወቅን በኋላ በገና ስንሰማ ድምፁ አልቀዘቀዘብንም፤ ይልቁንም አንዲት ቁራጭ ቆዳ ይህን ታህል ማድረጓ ተጨማሪ መደነቅ ሆነን። ጥያቄውን መተው ሳይሆን ተራውን ማስጠበቅ ነው የምንለው።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ዐውደ ርእይ ስትገቡ ወረቀቷን ለጊዜው ተዉአትና ከአንድ ሥዕል ፊት ለአምስት ደቂቃ ቁሙ። ምንም ካልተሰማችሁ «ምንም» ብላችሁ መዝግቡ፤ እርሱም ሐቀኛ ውጤት ነው። አንዳች ነገር ከተሰማችሁ ግን አትፈሩት፣ አትሳቁበትም። «ለምን?» የምትለው የድሮ ወዳጃችን በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ስትወጡ ታገኟታላችሁ።