ለእርሻ የሚሰፍሩበትን አገር ስለ መምረጥ

በኢትዮጵያ ደጋ ምድር፥ ይልቁንም በሰሜኑ ክፍል፥ መሬት ከአያት ወደ አባት፥ ከአባትም ወደ ልጅ ሲከፋፈል ስለ ኖረ፥ ዛሬ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው ድርሻ እጅግ አነስተኛ ሆኗል። አፈሩም በብዙ ዘመን እርሻና በጎርፍ ሳስቷል። ስለዚህ ጎጆ የሚወጣ ወጣት፥ ወይም ልጆቹን በጠባብ ማሳ መመገብ የተሳነው አባት፥ ወደ ሌላ አውራጃ ሄዶ ጥቂት መሬት ይዞ ለመኖር ቢያስብ አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን የሚገቡበትን አገር መምረጥ የሚለቁትን አገር ከመልቀቅ ይልቅ የሚከብድ ነገር ነው። በሬ ቢሰንፍ ተሽጦ ሌላ ይገዛል፤ ዘር ባይበቅል በሚመጣው ዓመት ሌላ ይዘራል፤ ቤተሰቡን ነቅሎ በማይስማማ ምድር የተከለ ሰው ግን የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው በልጆቹ ጤናና ሕይወት ነው።

እንደ ተለመደው ሰው አገር ሲመርጥ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መሬቱ ለም ነውን?» ብሎ ነው። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሊሆን አይገባውም። ሎጥ የዮርዳኖስን ሜዳ የመረጠው ውሃው የተትረፈረፈ መሆኑን በዓይኑ አይቶ ነበር፤ ስለሚጎራበተው ሕዝብ ግን አልመረመረም፤ በመጨረሻም ያፈራውን ሁሉ ትቶ ለመሸሽ ተገደደ። ከመሬቱ ልምላሜ በፊት መጠየቅ የሚገባው «መሬቱ የማን ነው? በዙሪያው የሚኖረውስ ሕዝብ መምጣታችንን ወድዷልን?» ተብሎ ነው።

የዚህም ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ዘመን በሥልጣን ላይ የነበረው ወታደራዊ መንግሥት የሰፈራ ሥራ ጀምሮ፥ በዚያው ዓመትና በሚቀጥለው ከወሎ፥ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ አንሥቶ በወለጋ፥ በኢሉባቦር፥ በከፋ፥ በጋምቤላና በመተከል አሰፈረ። እነዚህ አገሮች የተመረጡት ዝናማቸው ብዙ፥ አፈራቸው ወፍራም፥ ሕዝባቸውም ጥቂት ነው ተብሎ ነበር። ነገሩ በከፊል እውነት ነው፤ ምርጫው ግን በችኮላ ተደረገ፤ ብዙዎቹም የተወሰዱት ያለ ፈቃዳቸው ነበረ፤ ባል ከሚስቱ፥ እናትም ከልጅዋ ተለያዩ። ንዳድን ሳያውቅ በደጋ ያደገ ሰው በድንገት ወደ ቆላ በመውረዱ በበሽታ ብዙ ሰው አለቀ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ በተለወጠ ጊዜ ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ የያዙትን መሬት ትተው ወደ ተወለዱበት ተመለሱ። ሰው ለም የተባለውን ትቶ ወደ ተራቆተው የተመለሰበት ምክንያት ቢመረመር፥ መሬት ተሰጠው እንጂ አገር ስላልተሰጠው ነው።

ከሁሉም ይልቅ ብዙ ሰውን ያሳሳተው «ባዶ መሬት» የሚለው ቃል ነው። በመተከል የሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ዱሩን መንጥሮ ጥቂት ዓመት በመቆፈሪያ ያርስና፥ መሬቱ ሲደክም ለብዙ ጊዜ ያሳርፈዋል፤ ባረፈውም ዱር ያድናል፥ ማር ይቆርጣል፥ ሥራሥርና ፍሬ ይለቅማል። ከሩቅ ለመጣ ሰው ይህ ዱር ባለቤት የሌለው ይመስለዋል፤ ለነዋሪው ግን በጎተራ ያስቀመጠው እህል ማለት ነው። በአዋሽ ዳርም እንዲሁ ነው። ወንዙ የሚያጠጣው ሜዳ በክረምት ሰውና ከብት ሳይታይበት ይቆይና፥ በጋ ሲሆን የአፋር ከብት አርቢ መንጋውን የሚያተርፍበት ስፍራ ይሆናል። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለ ሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ የጥጥና የሸንኮራ እርሻ ሲስፋፋ ይህ የበጋ ግጦሽ ጠበበ፤ በ1965 ዓ.ም. ድርቅ በሆነ ጊዜም አርቢው መንጋውን የሚያሸሽበት ስፍራ አጣ። እንግዲህ ጦም ያደረ መሬት ሁሉ ባዶ መሬት አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ይህን ሳይመረምሩ መስፈር የሚያመጣው ጉዳት በአንድ ትውልድ የሚያልቅ አይደለም። በመተከል በ2013 ዓ.ም. የደረሰው ግድያና መፈናቀል ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፥ የመሬት ነገር ከሥሮቹ አንዱ ነው። ያለ ፈቃዱ ተወስዶ የሰፈረው ገበሬም ሆነ በዚያ የተወለደው ልጁ በደለኛ አይደለም፤ የአባቶቹ ዱር ሳይጠየቅ የተሰጠበት ነዋሪም በደለኛ አይደለም። ሁለቱም ያላደረጉት ምርጫ ዕዳ ከፋዮች ሆኑ።

ሁለተኛው የሚጠየቀው የሕግ ነገር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፥ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥም ይደነግጋል፤ ገበሬው ግን መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ ለአንድ ባላገር በስውር ገንዘብ ቆጥሮ «መሬት ገዛሁ» የሚል ሰው በእጁ የቀረው ወረቀት እንጂ መሬት አይደለም። ኪራይ እንኳ የሚጸናው የክልሉ ሕግ በሚፈቅደው ልክና ዘመን ሲሆን ነው። የሚሻለው በቀበሌው ፊት፥ ሽማግሌዎች እያዩ፥ ድንበሩ ተለይቶ፥ በይዞታ ደብተር ተጽፎ መያዝ ነው።

ሦስተኛው ጤና ነው። ወባ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ምድር ነው፤ ስለዚህ ከደጋ የሚወርድ ሰው አጎበርና መድኃኒት፥ ቅርብ የሆነም ጤና ጣቢያ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባዋል። በዓባይ፥ በደዴሳ፥ በግቤና በኦሞ፥ በባሮም ሸለቆዎች ደግሞ ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፍ ዝንብ አለ። በሞፈርና በቀንበር የሚተዳደር ገበሬ በሬዎቹ ካለቁበት መሬቱ ምንም ቢሰፋ አይጠቅመውም።

ውሃና መንገድም የሚታዩት በየጊዜያቸው ነው። በጥቅምት ምንጩ ሁሉ ይፈስሳል፥ ሜዳውም ሁሉ ያብባል፤ በዚህ ወራት አገር አይቶ የሚወስን ሰው ይታለላል። ምንጩን በመጋቢት፥ መንገዱንና የወንዙን መሻገሪያ በነሐሴ ማየት ይገባል፤ ገበያ፥ ወፍጮና ትምህርት ቤትም ስንት ሰዓት እንደሚያስኬዱ በእግር ሄዶ መለካት ነው።

የአፈሩ ነገር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጥቁሩ የዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ስለሚቋጥር፥ ውሃው የሚወርድበት ቦይ ካልተበጀለት ዘሩ ይበሰብሳል። ዝናም በሚበዛበት በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ያለው ቀይ አፈር ደግሞ በብዙ ስፍራ አሲዳማ ስለሆነ፥ ኖራ ካልተጨመረበት ለስንዴና ለገብስ አይመችም። አዲስ የተመነጠረ ዱር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቱ ይበዛል፥ ከዚያ በኋላ ግን ይቀንሳል፤ የአገሩ ሰው መሬቱን የሚያሳርፈው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ እንግዳው ምን እንደሚዘራና መቼ እንደሚዘራ ከነዋሪው ቢማር ይጠቀማል።

ከቀደመው ስሕተት ትምህርት የተወሰደበትም ጊዜ አለ። በ1995 ዓ.ም. ግድም የተጀመረው ሰፈራ በሦስት ዓመት 440,000 ቤተሰብ ለማስፈር የታቀደ ሲሆን፥ መሠረቱ ሰፋሪው በፈቃዱ እንዲሄድ፥ ከክልሉም ሳይወጣ እንዲሰፍር፥ የተቀባዩም ሕዝብ አሳብ እንዲጠየቅ ነበር፤ የተወው መሬትም ቢመለስ እንዲያገኘው ሦስት ዓመት እንዲቆይለት ተወስኖ ነበር። ይህ የመጨረሻው ነገር እጅግ የሚመሰገን ነው፤ ሰው መመለሻውን ሳያጣ ቢሞክር ምርጫው የእውነት ምርጫ ይሆናልና። ነገር ግን ውሃና ጤና ጣቢያ ሳይቀድሙ ሰው በቀደመባቸው ስፍራዎች ሰፋሪው ተቸግሯል፤ መልካም ደንብ ያለ ዝግጅት ፍሬ አይሰጥም።

እንግዲህ መሬት የሚመራ ሹም፥ ካርታ ዘርግቶ ሰው ያልታየበትን ስፍራ ከማመልከቱ በፊት፥ ያረፈ እርሻና የበጋ ግጦሽ የማን እንደሆነ በስፍራው ያሉትን ሽማግሌዎች ይጠይቅ። ምእመኑ ምክር ፈልጎ ወደ ደጁ የሚመጣበት ካህንም፥ አገር ሊለቅ የተነሣውን ሰው ባርኮ ከመሸኘቱ በፊት፥ አንድ የታመነ ዘመድ አስቀድሞ በበጋም በክረምትም ሄዶ እንዲያይለት፥ ልጆቹንና አሮጊት እናቱንም ቤት ሳይሠራ እንዳያንቀሳቅስ ይምከረው። መስፈር የሚጠቅመው የሚሄደው በፈቃዱ ሲሄድ፥ የሚቀበለውም በፈቃዱ ሲቀበል ነው፤ ከሁለቱ አንዱ የጎደለበትን ስፍራ፥ አፈሩ የቱን ያህል ቢወፍር፥ ለሰው መኖሪያ ይሆናል ብሎ መምረጥ አይገባም።