ቤንዚኑን ስናሳድድ ዘይቱ እንዳያመልጠን!

በዚህ አገር ስለ ነዳጅ ያልተናገረ ባለሥልጣን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ቤንዚን ጠፋ ሲባል ስብሰባ ይጠራል፤ ናፍጣ ተወደደ ሲባል መግለጫ ይነበባል። ምክንያቱም ሰልፉ ማደያው በር ላይ ተገትሮ ስለሚታይ ማንም ሊክደው አይችልም። የሞተር ዘይት ግን ሰልፍ የለውም። (ዘይት ስንል የወጡን አይደለም፤ እሱማ የራሱ ጣጣ አለው!) ባለ መኪናው ሱቅ ይገባል፣ ‹‹ያ የምትወስደው የለም፣ ይሄን ሞክረው›› ይባላል፣ የተሰጠውን ይዞ ይወጣል። ጉዱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ሞተሩ ሲወርድ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ መካኒኩ እንጂ መንግሥት አይጠየቅም።

ነገሩን እስቲ ከጨንቻ እንየው። የአዲስ አበባ ሰው ጨንቻን የሚያውቃት በአፕሏና በዶርዜ ሸማኔዎች ነው። ሹፌር የሚያውቃት ግን በዳገቷ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ቆላ ናት። ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ ደግሞ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ! እንግዲህ ሰውና ጭነት አጭቆ የተነሳ መኪና በዚህች አጭር መንገድ 1,400 ሜትር ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው፤ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እያቃሰተ። ሌሊቱን ጨንቻ ብርድ ውስጥ ያደረው ሞተር ማለዳ ተነስቶ ቁልቁል ይወርድና እኩለ ቀን ላይ ዓባያ ሐይቅ ዳር ባለው ሙቀት ይጠበሳል። ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል።

የሞተር ዘይት ጣሳ ላይ 15ደብልዩ-40 ወይም 20ደብልዩ-50 የሚል ጽሑፍ ያላየ ባለ መኪና የለም። ትርጉሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ምን ያህል ቶሎ እንደሚፈስ ይናገራል፤ የኋለኛው ዘይቱ ሲግል ምን ያህል ውፍረቱን እንደሚጠብቅ። ደጋና ቆላን በአንድ ቀን ለሚያመላልስ መኪና ሁለቱም ቁጥር እኩል ያስፈልገዋል። ጠዋት ላይ ቶሎ ያልፈሰሰ ዘይት ሞተሩን በደረቁ ያስነሳዋል። ዳገት ላይ የቀጠነ ዘይት ደግሞ ብረትን ከብረት መለየት ያቅተዋል። ፋሻው ይበላል፣ ብሮንዚኑ ይፋቃል፣ ሰማያዊ ጭስ ይመጣል፣ በመጨረሻም ሞተሩ ይነክሳል። ስለዚህ ‹‹ምን ልዩነት አለው፣ ሁሉም ዘይት አይደል?›› የሚለው የባለ ሱቅ ጨዋታ አዲስ አበባ ሜዳ ላይ ምናልባት ያስኬድ ይሆናል። የዶርዜ ዳገት ላይ ግን አያስኬድም።

ዘይት ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ሰው ምን ያደርጋል? ያው የታወቀ ነው። በ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀይር የነበረው ወደ 8,000፣ ወደ 10,000 ይገፋዋል። ፊልትሮውን ሳይቀይር ዘይቱን ብቻ ይቀይራል፤ ወይም ጭራሽ ሳይቀይር እየጨመረ ይነዳል። ከሁሉም የከፋው ግን ሐሰተኛው ዘይት ነው። ከመኪና የተቀዳ ጥቁር ዘይት ተጣርቶ፣ ባዶ ጣሳ ተለቅሞ፣ ክዳኑ ተመሳስሎ ሲሸጥ ሹፌር በዓይኑ ሊለየው የሚችልበት መንገድ የለም። እውነተኛው በገበያው ሞልቶ ሲገኝ ሐሰተኛው ቦታ ያጣል፤ እውነተኛው ሲጠፋ ደግሞ እንደ ንጉሥ ይቀመጣል። ባዶ የዘይት ጣሳችሁን ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት በምስማር ብሱት እንላለን። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ትሠራለች።

ለመሆኑ ዘይቱ ከየት ነው የሚመጣው? የራሳችን ማጣሪያ የለንም። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ የጀመረው የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘግቷል። በዓመቱ የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ ወደቡም ቀረ፤ ሁሉ ነገር በጅቡቲ ሆነ። ዘይቱን እዚሁ ቀምመን እናሽገው ቢባል እንኳ መሠረቱ የሆነው ድፍድፍ ወለድ ዘይትም ሆነ የሚጨመርበት ኬሚካል የሚመጣው በዶላር ነው። ዘመናዊ ሞተሮች የሚፈልጉት የተጣራ መሠረት ዘይት በብዛት ከሚመረትባቸው አገሮች መካከል ኳታር፣ ባሕሬንና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ አሉበት። የሆርሙዝ ሰርጥ በተጨነቀ ቁጥር እኛም እንጨነቃለን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች መርከብ ማጥቃት ሲጀምሩ ደግሞ ችግሩ ጅቡቲ ደጃፍ ድረስ መጣ። የቴክሳስ ብርድ ለጨንቻ ምኗ ነው? እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ያ ብርድ የአሜሪካ ማጣሪያዎችን ሲያስቆም የመሠረት ዘይት ዋጋ በዓለም ላይ ተተኮሰ።

የውጭውን እንተወውና ወደ ቤታችን እንግባ። ቤንዚንና ናፍጣን የሚያስገባው የመንግሥት ድርጅት ነው፤ ዋጋቸውንም መንግሥት ይቆርጣል። ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ድጎማው ቀስ በቀስ ሲነሳ እንኳ ለሕዝብ ማመላለሻ የታለመ ድጎማ ተብሎ በቴሌብር ጥቂት ተወርውሯል። የሞተር ዘይት ግን የእንጀራ ልጅ ነው። ኩባንያዎች ዶላር ሲያገኙ ያስገባሉ፣ ሲያጡ ይቀራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህ ሁሉ በዘይት ጣሳው ላይ ተለጥፎ ነው ሹፌሩ ዘንድ የሚደርሰው። የታክሲና የአውቶቡስ ታሪፍ ግን የሚከለሰው ነዳጅ ሲጨምር ነው፤ ‹‹ዘይት ጨመረ›› ብሎ ታሪፍ የሚያስከልስ ማን ነው?

የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ ያቆሙት ቤንዚን በመወደዱ ነበር። መንግሥት ደንግጦ በዚያው ወር ዋጋውን ቀነሰ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። በዘይት መወደድ ሥራ ያቆመ ሹፌር ግን ሰምተን አናውቅም። መንግሥትም ጆሮ የማይሰጠው ለዚህ ይመስለናል።

ባለፈው ጊዜ የተገኘው መልስ ደግሞ ‹‹የኤሌክትሪክ መኪና›› የሚል ነው። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። እውነት ነው፣ የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይፈልግም። ነገር ግን ክልከላው አሮጌዎቹን መኪኖች ከመንገድ አላወጣቸውም፤ እንዲያውም ተተኪ አሳጥቷቸው ዕድሜያቸውን አስረዝሟል። አሮጌ ሞተር ደግሞ ዘይት ይበላል። ታዲያ አዲስ እንዳይገባ የከለከለ መንግሥት አሮጌው የሚኖርበትን ዘይት ማሰብ አልነበረበትም? ወይስ የጨንቻ ድንች ጫኝ አይሱዙ ነገ ጠዋት በባትሪ ይወጣል ተብሎ ታስቧል?

ጉዳዩ የባለ መኪናው ኪስ ብቻ አይደለም። ጨንቻ ማክሰኞና ቅዳሜ ገበያዋ ነው። ሚሲዮናውያን ካስገቡት ጊዜ ጀምሮ የደጋው መተዳደሪያ የሆነው አፕል የሚወርደው በመኪና ነው፤ ለሸማኔው ክር የሚወጣውም በመኪና ነው። አፕል ደግሞ ‹‹ሞተር እስኪወርድ ጠብቁኝ›› ቢሉት አይጠብቅም። በምጥ የተያዘች እናት ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ስትላክ የምትወርደው በዚያው ጠመዝማዛ ነው። የአምቡላንሱ ዘይት በጨረታ ሰነድ ውስጥ ተቀብሮ ሳይቀየር ቢከርም፣ ከተራራው መሀል ሲቆም የሚጠየቀው ሹፌሩ ነው።

ስለዚህ ክቡራን ሆይ፣ የምንጠይቀው ተአምር አይደለም። ንግድ ሚኒስቴር በየሩብ ዓመቱ ምን ያህል የሞተር ዘይት እንደገባና ለየትኛው ክልል እንደተከፋፈለ ያሳውቅ። ቤንዚን የሚሸሽግ ነጋዴ ላይ የሚዘምት ቁጥጥር ሐሰተኛ ዘይት አሻጊውንም ይጎብኘው፤ ናሙና ከመርካቶ ብቻ ሳይሆን ከአርባ ምንጭና ከወላይታ ሶዶ ሱቆችም ይወሰድ፣ ውጤቱም በስም ይውጣ። የየዞኑ የትራንስፖርት ማኅበራት በበርሜል በቀጥታ ከአስመጪው እንዲገዙ ይፈቀድላቸው፤ በአራትና በአምስት እጅ ተቀባብሎ ጨንቻ የሚደርስ ጣሳ ዋጋውም ውስጡም አይታመንም። ባለ መኪናዎችም እናንተ፣ ዳገቱን ከመጀመራችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱና የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳቡት። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የሚታየው። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ አትውጡ።