ሁኔታው ያልተመቸው ለማን ነው?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2011 ያሳለፈው አንድ ውሳኔ ግማሹ ተፈጽሞ ግማሹ ተረስቷል። ውሳኔው በየአካባቢው የሚካሄደው ምርጫም፣ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ከተማ ምክር ቤቶች ምርጫም ከቀጣዩ ጠቅላላ ምርጫ ጋር አብረው ይካሄዱ የሚል ነበር። ጠቅላላ ምርጫው በኮሮና ምክንያት ተገፍቶ ሰኔ 14 ቀን 2013 ሲካሄድ አዲስ አበቤውና ድሬዎች የከተማቸውን ምክር ቤት መረጡ። የጅማ ነዋሪ ግን በዚያው ቀን ተሰልፎ፣ ጣቱን ቀለም አስነክቶ፣ የከተማውን ምክር ቤት ሳይመርጥ ወደ ቤቱ ተመለሰ። አጋሮም፣ ሊሙ ገነትም፣ የቡም እንደዚያው።

ጥቅምት 25 ቀን 2018 የመጣው የሩቅ አገር ዜና ይህን ቁስል ነክቶታል። ካምፓላ የተወለዱት ዞህራን ማምዳኒ በ34 ዓመታቸው የኒው ዮርክ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። በዚያው ዕለት በተካሄደ ሌላ ምርጫ ግርማይ ዛሂላይ ሲያትል የምትገኝበትን፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለውን የኪንግ ካውንቲ ዋና አስተዳዳሪነት አሸነፉ። ግርማይ ከኢትዮጵያ ከተሰደዱ ወላጆች ሱዳን ውስጥ የተወለዱ ናቸው። የጀመሩትም ከአካባቢ ምክር ቤት ነው፤ በ32 ዓመታቸው ሩብ ምዕተ ዓመት ወንበሩን የያዙትን ላሪ ጎሴትን አሸንፈው ገቡ። ከዚያ በፊት፣ በ2013 መግቢያ ላይ፣ የጋምቤላው ልጅ ኦባላ ኦባላ በስደተኛ መጠለያ አድጎ፣ የአሜሪካ ዜግነት ባገኘ በዓመቱ ገደማ፣ ኦስቲን በምትባል የሚኒሶታ ትንሽ ከተማ የምክር ቤት አባል ሆኖ ተመርጧል። ከጅማ በመቱና በጎሬ አድርጎ ጋምቤላ የሚደርሰውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል የቅርብ ወሬ እንደሆነ ይገባዋል።

የእኛ ወጣቶች እንዲህ ያለ ዜና ሲሰሙ «እኛስ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ለማግኘትም ዕድሜ መቁጠር ይበቃል። በጅማ ዞን የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጠው ሚያዝያ 2005 ነው። ለመምረጥ 18 ዓመት፣ ለመመረጥ 21 ዓመት ያስፈልጋል። ያን ጊዜ 18 የሞላው ዛሬ 31 ነው፤ 21 የሞላው 34። እንግዲህ ከ31 ዓመት በታች ያለ የጅማ፣ የጎማ፣ የጌራ፣ የሰቃ ጨቆርሳ ነዋሪ ለቀበሌው አንድም ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም። ከ34 በታች ያለው ደግሞ ለወረዳው ልወዳደር ብሎ ለመመዝገብ እንኳ ዕድሉ አልደረሰውም። የኒው ዮርኩ ከንቲባ የጅማ ልጅ ቢሆኑ ኖሮ በዚያች በ2005ቷ ምርጫ ገና 21 ዓመታቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚጠብቁት ወረፋ አይኖርም ነበር።

የእነዚያ ምክር ቤቶች የ5 ዓመት ዘመን በ2010 አበቃ። በዚያ ዓመት ምርጫው ሲራዘም የተሰጠው ምክንያት ጸጥታ ነበር። በ2011 እንደገና ሲራዘም ምርጫ ቦርድ በማሻሻያ ላይ ነው ተባለ። ሁለቱ ተደምረው የሚሰጡት ዐረፍተ ነገር ዛሬም በየደረጃው የሚነገረው ነው፤ ሁኔታው ምቹ አይደለም። ሕዝብን ያህል ነገር ይህን ሁሉ ዓመት ያስጠበቀ ዐረፍተ ነገር ክብደቱ ሊመዘን ይገባዋል።

በ2010 ምክንያቱ እውነት ነበረው። አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ሊለቁ ጠይቀው ነበር፤ መንገድ ይዘጋ ነበር። ያኔ ለአንድ ዓመት ይቆይ ያለውን አልወቅስም። በ2011ም ቦርዱ አዲስ አመራር ይዞ፣ አዲስ የምርጫ ሕግ እየተረቀቀ ስለነበር ጊዜ ስጡን ማለቱ የሚገባ ነገር ነው። እኔን ትዕግሥት ያሳጣኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ኅዳር 10 ቀን 2012 ያው ቦርድ በሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ አካሄደ። ሕግ ወጥቶለት፣ ጣቢያ ተከፍቶለት፣ ሕዝቡ ተመዝግቦለት በአንድ ቀን ተጠናቀቀ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ደግሞ ትግራይ ውስጥ ጦርነት እየተካሄደ፣ በወለጋ የታጠቁ ኃይሎች እየተንቀሳቀሱ፣ ወረርሽኙም ገና ሳይወጣ ጠቅላላ ምርጫ ተደረገ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በዚያ ዕለት ድምፃቸውን የሰጡት በትውልድ መንደራቸው በበሻሻ ነው፤ ጎማ ወረዳ፣ ከአጋሮ አጠገብ። ጣቢያው ነበረ፤ አስፈጻሚው ነበረ፤ ቀለሙም፣ ኮሮጆውም፣ የመራጩ መዝገብም ነበረ። ለፌዴራሉ አንድ ወረቀት፣ ለክልሉ አንድ ወረቀት ተሰጠ። ለወረዳው የሚሆን ሦስተኛ ወረቀት ግን አልነበረም። በሻሻ ለሁለት ወረቀት የተመቸ ጸጥታ ካለው ሦስተኛው ሲመጣ የሚደፈርሰው በምን ምክንያት ነው?

ይህም ካልበቃ ጎጀብን መሻገር ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ ጎጀብን ሲያልፍ ከፋ ይገባል። መስከረም 20 ቀን 2014 ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ ሕዝበ ውሳኔ አድርገው የራሳቸውን ክልል መሠረቱ። ያው ዝናብ፣ ያው ጭቃ፣ ያው የቡና ደን፣ ያው ምርጫ ቦርድ። ጥር 29 ቀን 2015 ደግሞ ደቡብ ላይ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ከ2011 ወዲህ ቦርዱ ማስፈጸም የሚችለውን ያህል አሳይቶናል። ክልል ለመመሥረት የተመቸ ሁኔታ፣ ሊቀመንበር ለመምረጥ አልተመቸም የሚለው ክርክር በወንዙ ማዶና ማዶ ሲቆሙበት አይጸናም። ሕዝበ ውሳኔዎቹ የተካሄዱት ፖለቲካው ስለፈለጋቸው ነው፤ የጅማ ወረዳ ምርጫ ያልተካሄደውም በዚያው ሚዛን የሚፈልገው ስለጠፋ ይመስለኛል።

ሌላው ምክንያት ወጪ ነው። በጎረቤታችን በኬንያ ዜጋው በአንድ ቀን ስድስት ወረቀት ይቀበላል፤ ከፕሬዚዳንቱ ጀምሮ እስከ ቀበሌ እስከሚመስለው ዋርድ ተወካይ ድረስ። ሀብታም አገር ስለሆነች አይደለም። በ2009 መጨረሻ በተካሄደው ምርጫቸው ጆን ፖል ምዊሪጊ የተባለ የ23 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያለ ፓርቲ፣ ያለ ገንዘብ፣ ቤት ለቤት በእግሩ ዞሮ ከጫት አብቃዩ ከኢጌምቤ ደቡብ ፓርላማ ገባ። ጫት አብቃይ ወረዳ ለጅማ እንግዳ አይደለም፤ ቤት ለቤት የሚዞር ልጅም አናጣም። የጎደለን መወዳደሪያው ነው።

ሕገ መንግሥቱ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። አንቀጽ 38 ዜጋው በማናቸውም የመንግሥት ደረጃ በየጊዜው በሚደረግ ምርጫ የመምረጥና የመመረጥ መብት አለው ይላል። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። ሁኔታዎች ሲመቻቹ የሚል ቃል በሁለቱም ውስጥ አላገኘሁም።

ይህ ሁሉ ክርክር የወረቀት እንዳይመስል ጅማ ውስጥ ያለውን ነገር ልጥራ። የአዌቱ ወንዝ ከተማዋን መሃል ለመሃል አቋርጦ ቆሻሻዋን ተሸክሞ ይወርዳል። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር አለ። የባጃጁ መስመርና ታሪፍ፣ የአትክልት ተራው ጽዳት፣ የመታወቂያው ወረፋ፣ ለጉልት ሻጯ የሚሰጠው ቦታ፣ ገጠር ውስጥ ደግሞ የመሬት ደብተሩ፣ መዋጮው፣ ዝናብ ሲወርድ የሚቆረጠው የእሸት ቡና መንገድ። እነዚህን የሚወስነው ከተማውና ወረዳው ነው። ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት፤ ከጤናም ከግብርናም ከሕግም የተመረቀ፣ ወንዙ እንዴት እንደሚጸዳ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊጽፍበት የሚችል፣ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ወጣት አላት። ተራማጅ የሚባለው ወጣት እዚህ አገር መፈክር ይዞ መምጣት የለበትም፤ አዌቱን እንዲህ አደርገዋለሁ ብሎ ጎረቤቱ ፊት ቢቆምና ጎረቤቱ አምኖት ወይም ሳያምነው ድምፁን ቢሰጥ ይበቃ ነበር። ዛሬ የከተማው ከንቲባ ሲቀየር ነዋሪው የሚሰማው ከዜና ነው። አዲሱ ሰው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ወጣትም ሊሆን ይችላል። ነዋሪው ግን አልሾመውም፤ ስለዚህም ሊያወርደው አይችልም። ወጣት መሾምና ወጣት መምረጥ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ የተሾመው ልጅ ወደ ላይ ያያል።

ገበሬው መምረጥ አያውቅም የሚል ካለ ኅዳር ላይ፣ ለቀማው በደራበት ሰዓት፣ ወደ አጋሮ አካባቢ ይምጣ። በ2004 ቡናው በአፍሪካ የቅምሻ ውድድር አንደኛ የተባለለት ዱሮሚና የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ጌራ ያለው ናኖ ጫላም እንደዚያው ማኅበር ነው። በኅብረት ሥራ ሕጉ የማኅበር የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ አባሉ ብዙ መሬት ቢኖረውም ጥቂት ቢኖረውም ድምፁ አንድ ነው። ጉባኤው ኮሚቴ ይመርጣል፤ ሒሳብ ይሰማል፤ ያልጣመውን ይለውጣል። ይህ ገበሬ የቡና ማጠቢያውን ሊቀመንበር መርጦ ሲወጣ፣ በዚያው መንገድ ዳር ያለውን የቀበሌ ሊቀመንበር ለመምረጥ ሁኔታው አይመችህም ይባላል። ስለ ገበሬው ጨዋነት ከዚህ በላይ ምስክር የሚፈልግ ባለሥልጣን ካለ ማን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ተቃራኒው ወገን አንድ ጠንካራ ነጥብ አለው፤ እሱን መሸሽ አልፈልግም። የአካባቢ ምርጫ ከባድ ነው። በ2000 እና በ2005 በመላ አገሪቱ ለውድድር የቀረበው መቀመጫ 3.6 ሚሊዮን አካባቢ ነበር፤ አንድ ቀበሌ እስከ 300 የሚደርስ የምክር ቤት አባል ይመርጥ ነበር። ይህን ያህል ስም በወረቀት አትሞ፣ ለየቀበሌው ለይቶ ማድረስ እውነተኛ ፈተና ነው። ግን ይህን ቁጥር ዝናብ አላመጣውም። ሕግ አበዛው፤ ሕግ ይቀንሰዋል። ማብዛቱም የጠቀመውን ሁላችንም አይተናል። 300 ዕጩ በየቀበሌው ማቅረብ የሚችል ድርጅት አንድ ብቻ ነበር። በ2000 የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኃይሎች ኅብረትና የአቶ ቡልቻ ደመቅሳ ፓርቲ ማስፈራሪያውን አልቻልነውም ብለው ወጡ፤ በ2005 ደግሞ 33 ፓርቲዎች ሳይወዳደሩ ቀሩ። ኢሕአዴግና አጋሮቹ መቀመጫውን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወሰዱት። ከ3.6 ሚሊዮኑ ውስጥ ተቃዋሚ ያገኘው በጣት የሚቆጠር ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ ልቤ ሁለት ይሆናል። ምርጫው ይካሄድ ብዬ ስጮህ የትኛውን ምርጫ እየጠራሁ ነው? ባለ300 መቀመጫው ቀበሌ እንደነበረ ከተመለሰ ለቀበሌ የሚቆመው የየቡ ወጣት 299 ጓደኛ ፈልጎ ካልመጣ ብቻውን ይዋጣል። በ2013 ተቃዋሚዎቹ ኦፌኮና ኦነግ መሪዎቻቸው ታስረው፣ ጽሕፈት ቤቶቻቸው ተዘግተው ከውድድር ሲወጡ በኦሮሚያ ብዙ ቦታ ገዢው ብልፅግና ያለ ብርቱ ተፎካካሪ አለፈ። ከ2008 እስከ 2010 አደባባይ የወጣው፣ ቄሮ ተብሎ የተጠራው ትውልድ ያንን ለውጥ በደሙ ገዝቶ ለቀበሌው እንኳ ሳይቆም ዕድሜው እያለፈ ነው። የግል ዕጩ ሆኖ የሚቆም ቢገኝ ፊርማ የሚሰጠው ጎረቤት ነገ ማዳበሪያና መታወቂያ የሚጠይቀው ከዚያው ቀበሌ ነው። ይህን ፍርሃት አዋጅ ብቻውን አያነሣውም።

ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ የታቀደው ለ2018 ነው። ምክር ቤቱ በ2011 የሰጠውን ቃል ይፈጽም ዘንድ፣ የወረዳና የከተማ ምክር ቤት ወረቀትም አብሮ ይታተም ዘንድ መጠየቅ መብታችን ነው፤ እጠይቃለሁም። ጨፌ ኦሮሚያም የቀበሌን መቀመጫ አንድ ዕጩ በእግሩ ዞሮ ሊያዳርሰው በሚችለው መጠን ሊቀንስ ይችላል፤ ለዚህ ሰላምም ገንዘብም አይጠበቅም፤ አንድ ስብሰባ ይበቃል። ይህ ቢደረግ እንኳ የሚወዳደረው ወጣት ጅማ ውስጥ ይኖራል ወይ የሚለውን አላውቅም። ከእነዚህ የቡና ከተሞች ብዙ ሴት ልጆች ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል፤ ወንዱም መውጫ እየፈለገ ነው፤ የተማረው አዲስ አበባ ላይ ሥራ ያማትራል። 13 ዓመት ያልተጠየቀ ሰው ሲጠየቅ ምን እንደሚመልስ፣ ከነጭራሹም ጥያቄውን ቆሞ ይሰማው እንደሆነ፣ ከዚህ ሆኜ ለመናገር አልደፍርም።