ጎጆ ያልወጣ ወጣት በማን መዝገብ ይቆጠራል?

በአማራ ክልል ደጋማ ቀበሌዎች አንድ ወንድ ልጅ «ሰው ሆነ» የሚባለው በዕድሜው አይደለም፤ ጎጆ ሲወጣ ነው። መሬት ይይዛል፣ በሬ ያቀናጃል፣ ትዳር ይመሠርታል። ከዚያ በኋላ ስሙ በዕድሩ መዝገብ ይሰፍራል፤ ለደቦ ይጠራል፤ በቀበሌ ስብሰባ እጁን ሲያወጣም ይደመጣል። እነዚህ ነገሮች እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት ደግሞ መሬት ነው።

ይህ ቀለበት ከተበጠሰ ቆይቷል። በክልሉ የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም ነበር፤ በአንዳንድ አካባቢዎች ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ ነው። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል። በ1986 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 13 ነጥብ 8 ሚሊዮን ነበር፤ በ1999 ዓ.ም ቆጠራ 17 ነጥብ 2 ሚሊዮን ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ስንት እንደተጨመረ ገበሬው ከማሳው ስፋት ያውቀዋል። አንድ ሄክታር የማይሞላ ይዞታ ያለው አባት ለአራት ልጆቹ የሚያካፍለው መሬት የለውም። በ1996 ዓ.ም የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። ሠላሳ የሞላው መሬት አልባ እንግዲህ በመንግሥት ወረቀት ከወጣትነት ወጥቷል፣ በመንደሩ ዓይን ግን ገና ወደ ጎልማሳነት አልገባም።

ስለ እነዚህ ወጣቶች በኢኮኖሚው በኩል ብዙ ተብሏል። ሥራ አጥነት፣ የብድር አቅርቦት፣ የክህሎት ሥልጠና በየዓመቱ ሪፖርት የሚቀርብባቸው ጉዳዮች ናቸው። እምብዛም ያልተነሣው ግን ብቸኝነታቸው ነው። ከአባትና ከእናት፣ ከእኅትና ከወንድም ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር ሰው ብቸኛ ነው ሲባል ለብዙዎች አይዋጥም። ብቸኝነት በፎቅ ቤት ዘግቶ የሚኖር የፈረንጅ ጣጣ ተደርጎ ይታሰባል። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2017 ዓ.ም ያወጣው ሪፖርት ይህን ግምት ይቃረናል። ሪፖርቱ እንደሚለው በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ ብቸኝነት ይሰማዋል፤ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚሰማቸው ሰዎች ድርሻም በበለጸጉት አገሮች ካለው በእጥፍ ይበልጣል። ከዕድሜ አንፃርም ችግሩ የሚበረታው በወጣቶች ላይ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ለሚል ሰው መልሱ የሚገኘው የገጠሩን ሕዝብ አጣምረው በያዙት ማኅበራት አሠራር ውስጥ ነው። ወንፈል የጉልበት ብድር ነው። ዛሬ የጎረቤቱን ጤፍ ያረመ፣ ነገ ጎረቤቱ የእርሱን ያርምለታል። መሬት የሌለው ወጣት ግን ብድሩን የሚያስመልስበት ማሳ የለውም። ወደ ወንፈል የሚሄደው በአባቱ ፋንታ ነው፤ ብድሩም የሚመለሰው ለአባቱ ነው። አሥር ክረምት ሙሉ በየሰው ማሳ አጎንብሶ ሲያርም የኖረ ጎልማሳ፣ ለእርሱ በስሙ የጉልበት ዕዳ ያለበት አንድም ጎረቤት የለውም።

ዕድሩም እንዲሁ ነው። በወሎ ቅሬ እየተባለ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም አንድ ላይ የሚያቅፈው ይህ ተቋም፣ ለአብዛኛው የገጠር ሰው ከማንኛውም መሥሪያ ቤት የበለጠ ቅርብ ነው። አባልነቱ ግን በቤት እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም። አባወራው ወይም እማወራዋ ይመዘገባሉ፤ ጎጆ ያልወጣው ልጅ «ቤተሰብ» በሚለው ሥር ይታቀፋል። የሠላሳ ዓመት ሰው ቢሞት ዕድሩ በክብር ይቀብረዋል፤ የሚቀብረው ግን የእገሌ ልጅ ብሎ፣ በአባቱ መዋጮ ነው። ቢታመምም ይጠየቃል፤ ሕመሙ የሚታይ ከሆነ። በቤት ጥግ ተኝቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረን ወጣት «ምን ሆንህ?» ብሎ የሚጠይቅ የዕድር ሕግ የለም።

የሴቶችን ኑሮ ቀላል ነው ለማለት ሳይሆን፣ እነርሱ ቢያንስ የቡና ሰዓት አላቸው። ሦስቱ ስኒ እስኪጠጣ ድረስ የሆድ የሆዱ ይወራል። አረጋውያን ወንዶች ሰንበቴና ማኅበር፣ መስጂድና ሽምግልና አላቸው። ያላገባው ወንድ ሰብሰብ ብሎ የሚገኘው በአቅራቢያው ባለች ትንሽ ከተማ ጠላ ቤት፣ ጫት ቤት፣ ወይም የስፖርት ውርርድ በሚካሄድበት ቤቲንግ ቤት ነው። ወላጆች በእነዚህ ቤቶች መበሳጨታቸው ተገቢ ነው። ሆኖም ልጃቸው ወደዚያ የሚሄደው ለጫቱና ለውርርዱ ብቻ ነው ብለው ከደመደሙ ዋናውን ነገር ይስቱታል። እዚያ ቤት ውስጥ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይሆን ማን እንደሆነ ተቆጥሮ ወንበር ይሰጠዋል።

ይህን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የሰሊጥ ጉዞ ነው። በየዓመቱ ከደጋው ወደ መተማ፣ ቋራ፣ አርማጭሆና ሑመራ ቆላዎች ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ አብዛኛው ወጣት ወንድ ነው። ሥራው ከባድ ነው፤ ሙቀቱ፣ ወባው፣ ካላዛር የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ቢሆንም ብዙዎቹ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳሉ። ገንዘቡ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሁለተኛው ግን ሲነገር አይሰማም። ከአንድ ቀበሌ ሰብሰብ ብለው የወጡ ወጣቶች በአንድ ዳስ ያድራሉ፤ አብረው ይበላሉ፤ የታመመውን ያስታምማሉ፤ የአንዱ ጉልበት ከሌላው እኩል ይቆጠራል። በደቦ ያላገኙትን ቦታ በበረሃ ያገኙታል። ብቸኝነቱ የሚጀምረው ሲመለሱ ነው። ያመጡት ብር በልብስ፣ በስልክና በወላጅ ዕዳ ሲያልቅ፣ ያው የአባት ቤት ልጅ ይሆናሉ። ባለፉት ዓመታት በክልሉ የተከሰተው የሰላም እጦት ደግሞ ይህን መንገድ አጥብቦታል። መንገዱ ይዘጋል፣ ብቻውን የሚጓዝ ወጣት በየደረሰበት በጥርጣሬ ዓይን ይታያል፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ቆይተዋል።

ከትምህርት የተመለሱት ሌላ ሸክም ይዘው ነው የሚገቡት። በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3 ነጥብ 3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3 ነጥብ 2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5 ነጥብ 4 በመቶ ነበሩ። ከቀሩት ጥቂቱ በሪሜዲያል መርሐ ግብር ተስፋ አግኝቷል፤ አብዛኛው ወደ ወላጆቹ ቤት ተመልሷል። አባቱ በግ ሸጦ ያስተማረው ልጅ፣ አርሶ እንዳይኖር መሬት የለውም፤ ተቀጥሮ እንዳይኖር ውጤት የለውም። ጎረቤት «ምነው ቤት ዋልህ?» ሲለው ጥያቄው ለጠያቂው ተራ ሰላምታ ነው፤ ለተጠያቂው አይደለም። ስለዚህ ከቤት መውጣት ይተዋል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ማኅበረሰቡ በሦስት ስሞች ይጠራዋል። ቀን የሚተኛውን ሰነፍ ይለዋል። የከፋውን የተናገረውን ሆደ ባሻ ይለዋል፤ ወንድ ልጅ አያለቅስም ተብሎ ያደገ ልጅ ደግሞ ይህን ስም ከመስማት ዝም ማለትን ይመርጣል። ከሰው የሸሸውን ዓይነ ጥላ ተጠናወተው ይለዋል። ከሦስቱ የመጨረሻው ቢያንስ ርኅራኄ አለበት፤ ጥፋቱን ከልጁ ላይ አንሥቶ ወደ ጠበል ይወስደዋል፣ አብሮት የሚሄድ ሰውም ይመድብለታል። ብዙ ቤተሰብ ልጁን መጀመሪያ የሚያየው በዚህ በኩል ስለሆነ፣ ጠበሉንና ሕክምናውን ማጣላት ለማንም አይበጅም። ሰነፍ የሚለው ስም ግን በሽተኛን ይደብቃል። ባለሙያዎች ድባቴ የሚሉት ሕመም በወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ በእንባ አይገለጥም። በቁጣ፣ በመጠጥ፣ ከቤተሰብ ማዕድ በመራቅ፣ በእንቅልፍ ማጣት ወይም መብዛት ይገለጣል። ትናንት ትጉህ የነበረ ልጅ ያለ ምክንያት እጁ ሲዝል፣ ስንፍና ከመሆኑ በፊት ሕመም ሊሆን ይችላል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

በጤና ጣቢያ ያሉ ጠቅላላ ባለሙያዎች ሠልጥነው የአእምሮ ጤና ሕክምና እንዲሰጡ የሚያስችል አሠራር በአገራችን ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ልጁን ይዞ ጤና ጣቢያ መሄድ ስለዚህ ትርጉም አለው፤ የአእምሮ ሆስፒታል ፍለጋ አዲስ አበባ መሄድ የግድ አይደለም። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በየቤቱ የሚገባ ነው። ሠራተኞቹ ግን ሴቶች ናቸው፤ ሥራቸውም በአመዛኙ ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር ነው። ወደ ግቢ ሲገቡ ያላገባው ጎልማሳ ወጥቶ ይሄዳል፤ እነርሱም አይጠይቁትም። የግብርና ልማት ሠራተኛውም ቢሆን የሚያነጋግረው ባለ ይዞታውን ነው። ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች በሚመላለሱበት ግቢ ውስጥ የሚኖር ሰው ለሁለቱም የማይታይ መሆኑ ሊያሳስብ ይገባል።

በሥራ ፈጠራ በኩል የተሞከረው ነገር ከዚህ አንፃር ሲታይ ሁለት ገጽታ አለው። በ2009 ዓ.ም ይፋ የተደረገው 10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ የወጣቶች ፈንድ ወጣቶችን በማኅበር አደራጅቶ የሚያበድር ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሰው የሌለውን ሰው ከሰው ጋር ያገናኛል። ነገር ግን ቁጥር ለማሟላት የተሰባሰቡ፣ አንዱ የሌላውን ዕዳ የሚከፍልባቸው ማኅበራት ከብቱ ሲሞት ወይም ገበያው ሲወድቅ ጓደኝነትንም ይዘው ይፈርሳሉ። የተሻለ ተስፋ የሚታየው በተከለሉ ተራሮች ላይ ነው። ከንክኪ ነፃ የሆነ የወል መሬት በሁለትና በሦስት ክረምት ሣርና አበባ ያወጣል፤ ሣሩ ለማድለብ፣ አበባው ለንብ ይሆናል። ንብ ማሳ አይጠይቅም። ከሁሉም በላይ ተራራውን በተራ መጠበቅ፣ ማር በአንድነት መቁረጥ በየሳምንቱ የሚያገናኝ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ቡድን ሲገመገም ስንት ኪሎ ማር አገኘ ከሚለው ጋር፣ ከአባላቱ ማን መምጣት አቆመ የሚለውም ሊጠየቅ ይገባል።

ሌላው ጉዳይ ለመናገር የሚከብድ ቢሆንም ለገበሬ ቤት በቀጥታ የሚመለከት ነው። የተባይና የአረም መድኃኒት በብዙ ቤት አልጋ ሥር ወይም ጓዳ ውስጥ ይቀመጣል። ተስፋ የቆረጠ ሰው የሚያስፈራው ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያ ሰዓት አደገኛ ነገር በአጠገቡ አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል። ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑ ፀረ ተባዮችን ደረጃ በደረጃ ስታግድ፣ በሃያ ዓመታት ውስጥ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ቁጥር በ70 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ኬሚካሉን በሣጥን ቆልፎ ቁልፉን ለእናት መስጠት አዋጅ አይጠይቅም። «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ልጅ ደግሞ ቀልድ ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ብቻውን ሳይተዉ፣ ሳይቆጡ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይዘውት መሄድ ያስፈልጋል። ወላጅ መናገር ካቃተው አጎት አለ፤ የክርስትና አባት፣ የንስሐ አባት፣ የመስጂዱ ኢማም አለ። ወጣት ለአባቱ የማይነግረውን ለአጎቱ ይነግራል።

ያም ሆኖ ከቤት ቤት የሚደረግ ጥረት ብቻውን አይበቃም፤ መዝገቡ ራሱ መከፈት አለበት። የመሬት ጥያቄ በቀበሌ አይፈታም። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ግን በቀበሌ የተጻፈ ነው፤ በቀበሌም ይሻሻላል። አሥራ ስምንት ወይም ሃያ ዓመት የሞላው ያላገባ ወንድም ሴትም በራሱ ስም፣ በግማሽ መዋጮ ይመዝገብ ቢባል ዕድሩ የሚያጣው ነገር የለም፤ ድንኳን የሚተክልና ውኃ የሚቀዳ ጉልበት እንዲያውም አሁንም የእነርሱ ነው። በደቦውም በኩል የእኩል ወይም የሲሶ አራሽ የሆነ ወጣት ለያዘው ማሳ ወንፈሉን በስሙ እንዲጠራ መፍቀድ ይቻላል። የሚነሣው ክርክር ይታወቃል። አባቶች «አንድ ቤት ሁለት ጊዜ ሊከፍል ነው» ይላሉ፤ ለልጅ ድምፅ መስጠት ያስደፍራል የሚሉም አይጠፉም። ገንዘብ ያዡም ግማሽ መዋጮ የከፈለ ሰው ሙሉ ቀብር ያገኛል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አዝመራው ገብቶ አውድማው ሲጸዳ፣ ስብሰባ በሚበዛባቸው የጥርና የየካቲት ወራት፣ በዋርካው ሥር ሊመከርባቸው የሚገቡት እነዚህ ናቸው። ጉዳዩ በሚመከርበት ቀን ወጣቶቹ ራሳቸው ውኃ ቀጂ ሆነው ዳር ላይ ከሚቆሙ ይልቅ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቢቀመጡ፣ ውይይቱ ከሌላው ጊዜ የተለየ ይሆናል።