ሳይቃጠል በቅጠል

ልጆች፣ ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ደወል፣ ስለ ሰልፍና ስለ ስም ጥሪ ነው። «ይህማ በየቀኑ የምናየው አይደለምን?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ሰው በየቀኑ የሚያየውን ነገር ጥቅሙን ቶሎ ይዘነጋል።

ጠዋት ደወል ሲደወል ትሰለፋላችሁ፤ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፤ በተራ ወደ ክፍል ትገባላችሁ፤ መምህራችሁም ስም ይጠራሉ። ለመሆኑ ከእናንተ መካከል ለቀረ ጓደኛው «አቤት» ብሎ የሚያውቅ አለ? ጓደኛውን የጠቀመ መስሎት ይሆናል። እስቲ በዚያው ቀን በትምህርት ቤቱ እሳት ቢነሣስ? ተማሪው ሁሉ ሜዳ ላይ ወጥቶ ስም ሲጠራ አንድ ልጅ ይጎድላል። መዝገቡ ግን «ጠዋት ነበረ» ይላል። ስለዚህ ያን ልጅ ፍለጋ መምህር ወይም የእሳት አደጋ ሠራተኛ ወደ ጢሱ ይገባል። ቤቱ የተኛ ልጅ ሲፈለግ ፈላጊው ሊሞት ይችላል። እንግዲህ የስም ጥሪ ቀልድ አለመሆኑን ልብ በሉ።

የየቀኑ ሥርዓት በአደጋ ጊዜ ሕይወት እንደሚያድን በጃፓን አገር የሆነውን እንንገራችሁ። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ መጠኑ 9 የሆነ እጅግ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ካማይሺ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ አንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጎን ለጎን ነበሩ። የአደጋ ካርታው የባሕር ማዕበል እነርሱ ጋ አይደርስም ይል ነበር። የመካከለኛ ደረጃው ተማሪዎች ግን ከፍ ወዳለ ቦታ መሸሽን አስቀድመው ተለማምደው ስለነበር፣ መሬቱ እንደ ረጋ ወደ ኮረብታው ሮጡ። ወደ ፎቃቸው ወጥተው የነበሩት ትንንሾቹ ልጆችም ይህን አይተው ወርደው ተከተሏቸው። ታላላቆቹ የታናናሾቹን እጅ ያዙ። መጀመሪያ የደረሱበትም ቦታ የማያስተማምን መስሎ ስለታያቸው ወደ ሌላ ከፍ ያለ ቦታ አለፉ። ማዕበሉ ሁለቱንም ትምህርት ቤቶች ዋጠ፤ አብረው የሸሹት ከ500 በላይ ልጆች ግን ዳኑ።

በዚያው ቀን በኢሺኖማኪ ከተማ በኦካዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሆነው ግን እጅግ ያሳዝናል። ልጆቹ ከክፍል ወጥተው በግቢው ውስጥ 50 ደቂቃ ያህል ቆዩ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኮረብታ ነበር፤ ነገር ግን የት እንደሚሸሽ ቁርጥ ያለ ውሳኔ አልነበረም። በመጨረሻ ሲነሡ ማዕበሉ ደረሰባቸው። 74 ተማሪዎችና 10 መምህራን ጠፉ። በ2010 ዓ.ም. የሰንዳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የትምህርት ቤቱ የአደጋ ጊዜ መመሪያ በቂ እንዳልነበረ ፈረደ። አያችሁ ልጆች? ልዩነቱ የጉልበት ወይም የዕውቀት ብዛት አልነበረም፤ አስቀድሞ መወሰንና መለማመድ ነበር።

አገራችን የባሕር ጠረፍ ስለሌላት ሱናሚ አያሰጋንም። የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት ግን ለእኛም እንግዳ አይደሉም። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ በፎቅ ቤት የሚኖሩ ሰዎች በሌሊት ወደ ውጭ ወጥተዋል። ያ ንዝረት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎች ፎቅ ላይ ሲማሩ ቢመጣ ኖሮ በየትኛው ደረጃ እንደምትወርዱ ታውቁ ነበርን?

ስለዚህ እነዚህን ያዙ። መሬት ሲንቀጠቀጥ ወደ በር አትጋፉ፤ ከመስኮት ራቁ፤ ዴስክ ሥር ገብታችሁ ራሳችሁን ሸፍኑ፤ እግሩንም አጥብቃችሁ ያዙ። ሲቆም በሰልፍ ውጡና ከግንብና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ርቃችሁ ሜዳ ላይ ቁሙ። እሳት ሲነሣ ደግሞ ቶሎ ውጡ፤ ጢስ ካለ ጎንበስ በሉ፤ ለቦርሳና ለደብተር ብላችሁ አትመለሱ። በደረጃ ላይ አትገፋፉ፤ አንድ ልጅ ቢወድቅ ከኋላው ያለው ሁሉ ይወድቅበታልና። ሜዳ ስትደርሱ ስማችሁ እስኪጠራ ከክፍላችሁ አትለዩ። ጓደኛችሁ ከጎደለ ለመምህራችሁ ተናገሩ እንጂ ራሳችሁ ልትፈልጉ አትግቡ። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ስልክ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ደግሞ 907 መሆኑንም በቃላችሁ ያዙ።

«የመጣው ይመጣል፤ ልምምድ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። «የትምህርት ሰዓት ይባክናል» የሚሉም አይጠፉም። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። በየመንፈቅ ዓመቱ አንድ ጊዜ ደወል ደውሎ፣ ክፍሉን በሰልፍ አውጥቶ፣ ስም ጠርቶ መመለስ ከአንድ ክፍለ ጊዜ አይበልጥም። ያልተለማመደ ሰው በድንጋጤ ጊዜ የሚያውቀውንም ይረሳል፤ የተለማመደ ግን እግሩ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። የኋላው በር በቁልፍ ተዘግቶ እንደሚውል፣ መተላለፊያው በተሰበረ ወንበር እንደተሞላ የሚታወቀውም በልምምድ ቀን ነው። በአደጋው ቀን ማወቅ ምን ይጠቅማል?

በሉ እንግዲህ ልጆች፣ ነገ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ መምህራችሁን በትሕትና እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «መምህር፣ አደጋ ቢደርስ የእኛ ክፍል የሚሰበሰበው የት ነው?» መልስ ካገኛችሁ ቦታውን ሄዳችሁ እዩት። መልስ ካላገኛችሁ ደግሞ ጥያቄያችሁ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው፤ የክፍል አለቃችሁ ለርእሰ መምህሩ ያድርስ። ስማችሁ ሲጠራም ለራሳችሁ ብቻ «አቤት» በሉ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነውና።